ከጥሻው በላይ ያለው ማማ

ዴልበርት ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ የግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ለልባቸው ደግሞ ለኖቬምበር አስራ አራት የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞለታል። ሐኪሙ ደረታቸው አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ቀስት መሳብ የሚባል ነገር እንደማይኖር ቁርጡን ነገራቸው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው ሰምተው ሲያበቁ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያው አጋዘኔን ከዚያ በፊት መጣል አለብኛ!»

ሃምሳ ሁለት ዓመት በቀስት ያደኑ ሰው ናቸው። ጠመንጃማ ማንም ይተኩሳል ይላሉ። ትልቅ ቀንድም አላማራቸውም፤ የቤታቸው ግድግዳ ቀንድ በቀንድ ነው። እንስት ትሁን፣ ከሲታም ትሁን፣ ለመጨረሻ ጊዜ አንዲት አጋዘን ከገዛ መሬታቸው ላይ ጥለው ሥጋዋን ለልጃቸው አስረክበው ወደ ሆስፒታል መግባት ነበር ምኞታቸው። ይቺው ናት።

ማማውን ዛፍ ላይ የሚሰቅልላቸው አማቻቸው ኩርት ነው። ኩርት ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ሰምታችሁ እንዳትቸኩሉበት። የወተት ቦቴ ነጂ ነው። በዚያ በዊስኮንሲን ኮረብታማ አገር ከገበሬ ገበሬ እየዞረ ወተት ሲሰበስብ ይውላል፣ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ጆሊን የዴልበርት አንድያ ልጅ ናት። ሀያ ዓመት ሙሉ በአማቱ መሬት ላይ፣ ከአማቱ ቤት ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ ኖሯል። መንደሩ ውስጥ ስሙ «የዴልበርት አማች» ነው። ቢራ ሊጠጣ ሲገባ እንኳ «የዴልበርት አማች መጣ» ነው የሚሉት። ሰውየው ይሄን አንድ ቀን አውጥቶ ተናግሮ አያውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ።

ታዲያ በሴፕቴምበር አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ዛፍ ለመምረጥ ወጡ። ዴልበርት በከዘራ እየተደገፉ፣ በየሀያው እርምጃ እየቆሙ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለችው ትልቋ የኦክ ዛፍ ሥር ደረሱ።

«ይቺስ?» አሉ ቅርፊቷን በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ።

«ግሩም ናት። ፍሬዋን አርግፋለች፤ ዱካውም እስከ ሥሯ ድረስ ነው።»

«ከፍታውስ?»

«አስራ ስድስት ጫማ አስቤያለሁ። ከዚያ ከወረደ ያዩዎታል። ከዚያ ከወጣ ደግሞ ፍላጻው ቁልቁል ስለሚገባ አንዱን ሳንባ ብቻ ነክቶ ያልፋል፤ ከዚያ የቆሰለ አጋዘን ፍለጋ በየጫካው መንከራተት ነው።»

«ጎበዝ! ያስተማርኩህ አልጠፋብህም። ይሄ ጉልበቴስ አስራ ስድስቱን ይወጣል?»

«ሰፊ መሰላል አቆማለሁ። ወጥተው ሲቀመጡ ቀበቶዎን ከዛፉ ጋር አስሬ ነው የምሄደው። ሲወርዱም እኔ ሳልመጣ ንቅንቅ የለም።»

«ለምን በሕፃን ጋሪ አትገፋኝም?»

«ጋሪው ዳገት አይወጣም እንጂ አስቤበት ነበር።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ መለሱ። ከኦኳ በታች አንድ ሸለቆ አለ። ድሮ አመድማ ግንድ ያላቸው ረጃጅም ዛፎች የሞሉበት፣ ሥሩ የተጠረገ፣ ላም የሚጋጥበት ሜዳ ነበር። ዴልበርት ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ወርደው አያውቁም።

«ከታች ሸለቆው ውስጥስ? አሁንም ባዶ ነው?»

ይሄን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። ዛፎቹን ጥንዚዛ ጨርሷቸዋል። አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመዋል፣ በመሃላቸው እሾህና የዱር እንጆሪ በቅሎ ሰው የማይገባበት ጥሻ ሆኗል። አጋዘኖች ደግሞ ቀን የሚተኙበት እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚፈልጉት። ኩርት ይሄን ያውቃል፤ ዛፍ ላይ የምትታሰር ካሜራ ካኖረ ሦስት ዓመቱ ነው። በሦስቱም ዓመት አንድ ወንድ አጋዘን ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ አንድ ጆሮው የተተለተለ፣ ቀንዱ አስር ቅርንጫፍ ያወጣ፣ አንገቱ የጥጃ የሚያክል። ለጆሊን እንኳ አልነገራትም። ቦቴውን ሲነዳ ያስበዋል፣ እራት ሲበላ ያስበዋል። በዚህ መሬት ላይ የእሱ ብቻ የሆነ ነገር ቢኖር ያ አጋዘን ነው ብሎ ነበር የሚያምነው።

«ባዶ ነው» አለ ኩርት።

«እንደ ድሮው?»

«እንደ ድሮው።»

ዴልበርት ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚያምኑት ዓይን የሱን ነዋ! የራሳቸውማ ሞራ ለብሷል።

በነሱ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ ለሌላ ሰው ማማ የሰቀለ መጀመሪያ ራሱ አንድ ምሽት ይቀመጥበታል። ወተታም አረም አለ፣ ፍሬው ሲፈነዳ እንደ ጥጥ ያለ ቀላል ነገር የሚወጣው። ያን ጥጥ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ከላይ ይለቁታል፤ ንፋሱ የሰውን ጠረን ወዴት እንደሚወስደው በዓይን ያሳያል። ኩርት ደንቡን አላጎደለም። ማማውን ሰቀለ፣ ተቀመጠ፣ ጥጡን ለቀቀ። ፀሐይ እያለች ጥጡ ተንሳፎ ወደ ታጨደው የበቆሎ ማሳ ሄደ፤ ጥሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን አየሩ ቀዘቀዘ፣ ከበደ፣ ቁልቁለቱን ይዞ እንደ ውሃ ይወርድ ጀመር። ጥጡም አብሮት ወረደ። አንድ በአንድ ጥሻው ውስጥ ሲገቡ ኩርት ቁጭ ብሎ አየ። እዚህ የሚቀመጥ ሰው ምሽት በመጣ ቁጥር ጠረኑን አጋዘኖቹ መኝታ ላይ ይደፋዋል ማለት ነው። አንዲትም ዝር አትልም።

ማማውን አውርዶ ሌላ ዛፍ ላይ መስቀል ነበረበት። ግማሽ ቀን ቢፈጅበት ነው። መሰላሉን ወርዶ ቤቱ ሄደ።

«ተቀምጠህበታል?» አሉት ዴልበርት በማግሥቱ።

«ተቀምጫለሁ። ንጹህ ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ኦክቶበር ገባ። ኩርት ከቦቴው በጊዜ በገባ ምሽት ሁሉ ሽማግሌውን እየደገፈ ኦኳ ላይ ያወጣል፣ ቀበቶአቸውን ያስራል፣ ቀስታቸውን በገመድ ስቦ ያቀብላል። ከዚያ ኮረብታውን በጀርባ ዞሮ ጥሻው የሚያልቅበት ጅረት ዳር ወዳለው ወደ ራሱ ማማ ይሄዳል። የሱ ማማ ሀያ ሁለት ጫማ ላይ ነው፤ በግንዱ ላይ በተመቱ የብረት ችንካሮች እንደ ዝንጀሮ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ ያሰበው ሽማግሌውን ከወንዱ አጋዘን ማራቅ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ምሽት ግን ሌላ ነገር ገባው። አጋዘኖቹ ከሰዓታቸው በፊት ብድግ ይላሉ፤ አፍንጫቸውን ወደ ኮረብታው ያነሳሉ፤ ከዚያ በጅረቱ በኩል፣ በሱ ማማ ሥር፣ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። የሽማግሌው ጠረን እየነዳ ያመጣለታል። አማቱን ከብት ነጂ አድርጓቸዋል፤ ያውም ሳያውቁት፣ ያውም እንደ ጌታ በክብር ደግፎ እያወጣቸው። ኩርት ማማው ላይ ተቀምጦ በሀፍረት ጆሮው ድረስ ጋለ። በአራተኛውም ምሽት ግን ሄደ። በአምስተኛውም።

ጥፋቱ ሰውየውን ደግ አደረገው፤ እንዲህም ይሆናል። የዴልበርትን አሸንዳ ጠረገ፣ የክረምት እንጨታቸውን ፈልጦ ደረደረ፣ ሁለት ዓመት ሲጮኽ የኖረውን የበረታቸውን በር ማጠፊያ ቀየረ።

«ምን ነክቶሃል?» አለችው ጆሊን። «አባዬን ልጅህን ስጠኝ ልትለው ነው እንዴ? አንዴ አግብተኸኛል እኮ።»

«ታመዋል ብዬ ነው።»

«ተባረክ። እውነቴን ነው፣ ኩርት፣ ተባረክ።»

በዚያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለው።

ዴልበርት ምንም አላዩም። ከሸለቆው ማዶ አልፎ አልፎ ነጭ ጭራ ብልጭ ሲል ያያሉ፣ በቃ። በስድስተኛው ምሽት «እሸታቸዋለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን ያልሞከሩት አለ? ገላቸውን በዳቦ ሶዳ መታጠብ ጀመሩ። ፒፓቸውን ተዉ። ቡናቸውን ተዉ። የአደን ልብሳቸውን በረት ውስጥ በጥድ ቅርንጫፍ መሃል ሰቅለው፣ እዚያው በብርዱ ራቁታቸውን ቆመው ይለብሳሉ።

«አባዬ፣ ሙሽራ ሆነሃል እኮ!» ትላቸዋለች ጆሊን እራት ላይ። «ማን ናት? እኛም እንወቃት።»

«አራት እግር አላት» ይላሉ እሳቸው። «ካንቺ ይልቅ ግን ትሰማኛለች።»

ሦስቱም ይስቃሉ። ኩርት ድንቹን እያየ ይስቃል።

አስራ አንድ ምሽት እንዲህ አለፈ። ኖቬምበር ዘጠኝ፣ ሐሙስ፣ ለቀዶ ጥገናው አምስት ቀን ሲቀር፣ ኩርትና ዴልበርት በፒካፑ ወደ ኮረብታው እየሄዱ ነው። ሽማግሌው በደስታ ወንበራቸው አልበቃቸው ብሏል።

«አገኘሁት!» አሉ።

«ምኑን?»

«የሚሸታቸውን! ኪኒኑ ነው።»

«የቱ ኪኒን?»

«የልቤ ነዋ! ሽንቴ ራሱ የዛገ ቆርቆሮ ነው የሚሸተው። ላቤም ያው ነው። ሰው ላይታወቀው ይችላል፣ አጋዘን ግን ሞኙን ይፈልግ! ከእሑድ ጀምሮ አቁሜዋለሁ።»

ኩርት ፍሬኑን ረገጠ። ፒካፑ መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

«አብደዋል እንዴ? ከእሑድ? አራት ቀን ሙሉ?»

«አትጩህብኝ። ማክሰኞ ለሐኪሞቹ አስረክባቸዋለሁ፤ ልቤን እንደፈለጉ ያድርጓት። እስከዚያ የኔ ናት። ለጆሊን ትንፍሽ ብትል ደግሞ ውርድ ከራሴ።»

ፊታቸውን አየው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ከዓይናቸው ሥር አብጧል። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁም ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱን ያውቀዋል፤ ፊታቸውን ማየት ካቆመ ሰንብቷል።

«ኪኒኑ አይደለም» አለ። «ማማውን… ማማውን ላዛውረው። ነገ ጠዋት ሌላ ዛፍ ላይ…»

«ማማዬን እንዳትነካ! ማማው ምን አደረገ? መርጠኸዋል፣ ሰቅለኸዋል፣ ተቀምጠህበታል። ያንተ ሥራ እንከን የለውም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የዚህ የበሰበሰ ገላ።»

አሁን ልንገራቸው አለ ኩርት በልቡ። አሁን፣ እዚሁ። አፉን ከፈተ። አፉ ውስጥ ያለው ነገር ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አልነበረችም፤ የሁለት ወር ውሸት ነበር፣ ከየት እንደሚጀመርም አላወቀውም። ዛሬን ያምሽና ሲወርዱ እነግራቸዋለሁ አለ። ማርሹን አስገብቶ ነዳ። አወጣቸው፣ ቀበቶውን አሰረ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። አይቶ ትቷቸው ሄደ።

በዚያን ዕለት ነው ጆሮ ቆራጣው አጋዘን የመጣው።

ፀሐይ ገና ሙሉ በሙሉ አልጠለቀችም። አየሩ ሲወርድ ኩርት ፊቱ ላይ ተሰማው፤ ጥቂት ቆይቶ ጥሻው ተንቀሳቀሰ። ሁለት እንስቶች ወጡ። ከኋላቸው እሱ። ጅረቱ ዳር አስራ ስምንት እርምጃ ላይ ቆመ፣ አንገቱን መልሶ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ሽማግሌው አቅጣጫ አየ። ጎኑ እንደ በር ተከፍቶ ተሰጠው። ኩርት ማንንም አላሰበም፤ እውነቱ ይሄ ነው። ቀስቱን ሳበ፣ ለቀቀ። አጋዘኑ ሰላሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ተንገዳገደና ወደቀ።

ኩርት ደስ አለው። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሁለት ጊዜ አፏጨ። በቤቱ የኖረ ምልክት ነው፤ ሁለት ፉጨት «ጥያለሁ፣ ና» ማለት ነው። ሀያ ዓመት ሙሉ አንዱ ሲያፏጭ ሌላው ይሮጣል። ፉጨቱ ኮረብታው ላይ ደርሶ ሲመለስ ነው ያደረገውን ያወቀው። ሽማግሌው ብቻቸውን ከማማ አይወርዱም! መሰላሉ አስራ ስድስት ጫማ ነው!

«ይቆዩ!» ብሎ ጮኸ። «እንዳይወርዱ!»

መልስ የለም። እንደምንም ከዛፉ ወርዶ ወደ ኮረብታው ሊሮጥ ሲል ጥሻው ውስጥ እንጨት ሲሰበር ሰማ። ዴልበርት ናቸው። ቀበቶአቸውን ራሳቸው ፈትተው ወርደው፣ በአጭሩ መንገድ፣ በቀጥታ፣ ሸለቆውን አቋርጠው መጡ። ኮፍያቸው የለም፣ ጉንጫቸውን እሾህ ጭሮታል፣ ከዘራቸውን ጨብጠው ያለከልካሉ። ከጥሻው ጫፍ ሲወጡ ቆሙ። ወደ ኋላ ዞረው ያቋረጡትን አዩት።

እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አዳኝ ቢሆን በአንድ ዓይኑ ያነበዋል። እዚህም እዚያም ተኝተው የደፈጠጡት ሣር፣ የዓመትና የሁለት ዓመት በጠጥ፣ ቀንድ ያሹበት ግንድ፣ መሬቱን ያሰረጎደ ዱካ። ዴልበርት መጡና አጋዘኑ አጠገብ በከዘራቸው ተደግፈው ተንበረከኩ። የተተለተለውን ጆሮ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ስንት ዓመት ሆናቸው እዚያ መተኛት ከጀመሩ?» አሉ።

«ሦስት።»

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ጥጡንስ ለቀህ ነበር?»

«ለቅቄ ነበር። ጥሻው ውስጥ ነው የገባው። እያየሁት ነው የገባው። ዋሸሁዎት። መጀመሪያ ይሄን እንዳያገኙብኝ ብዬ ነው። በኋላ ደግሞ ጠረንዎ እየነዳ እንደሚያመጣልኝ አወቅሁ፣ አውቄም ዝም አልኩ። አስራ ሁለት ምሽት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ስድቡን ጠበቀ፣ ከዘራውን ጠበቀ። ሽማግሌው ግን የሚያስቡት ሌላ ነገር ነበር።

«እንግዲያው ኪኒኑ አይደለም?» አሉ።

«አይደለም።»

«እኔም አልሸትም?»

«አይሸቱም! ማንም ሰው እዚያ ቢቀመጥ ያው ነው። ጥፋቱ የቦታው ነው፤ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ዴልበርት ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

«እኔ እኮ የሬሳ ሽታ ጀመረኝ ብዬ ነው» አሉ። «ሐኪሙ ሳያውቅ እነሱ አወቁብኝ አልኩ። እንስሳ ይሄን ያውቃል ይባላል አይደል? ሌት ተነስቼ ክንዴን አሸት ነበር።»

ኩርት እዚያው ዘጭ አለ። ቢሰድቡት በወደደ፣ ቢመቱትም በተሻለው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«በል ተነስ» አሉት ቆየት ብለው። «ሥጋው ሳይበላሽ እንገፈው። ለጆሊን የምትነግራት ግን ራስህ ነህ፤ እኔ አልነግርልህም። አንድም ነገር አታስቀር።»

አላስቀረም። ኪኒኑንም፣ ጥጡንም፣ ፉጨቱንም ነገራት። ጆሊን አልጮኸችም። ኪኒኑን ቆጥራ ከነውሃው ለአባቷ ሰጠች፣ እስኪውጡ ቆማ ጠበቀች፤ ሳትነግራቸውም ለሐኪሙ ደወለች። ከዚያ ሁለት ሳህን አወጣች፣ አንዱን ለአባቷ፣ አንዱን ለራሷ። ኩርት ቆሞ ቀረ። በማግሥቱም ሁለት ሳህን ነበር የወጣው።

ሐኪሙ ሽማግሌውን አርብ ጠርቶ ተቆጣቸው፣ መረመራቸው፣ ቀጠሮውን ግን አልለወጠውም። ቅዳሜ ቀትር ላይ ማማውን አዛወሩት። ዛፉን የመረጡት ዴልበርት ናቸው፣ ኩርት የታዘዘውን ብቻ ነው የሠራው። ጅረቱ ዳር፣ ከኩርት ማማ ሥር፣ ሦስት ግንድ አንድ ላይ ያበቀለ ጥድ አለ።

«አስር ጫማ» አሉ።

«አስር? ዝቅ አላለም? ያዩዎታል።»

«ከኋላዬ ሦስት ግንድና ቅጠል አለ፣ ምኔን ያያሉ? ያን ያንተን ሀያ ሁለት ተወው፤ ሰማይ ላይ እንደ ሰቀሉት ኮት ብቻህን ነው የምትታየው። ደግሞ አስር እኔም እወጣዋለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ኦኳ ላይ ትወጣለህ። እስከ ሰኞ እንዳትታጠብ። ቦቴ የነዳህበትን ሸሚዝ ለብሰህ ና።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አሁን ተራው ያንተ ነው፣ ንዳልኝ።»

የሠሩበት የላብ ጠረን እንዲጠፋ እሑድን ዘለሉት። የቀረችው አንዲት ምሽት ብቻ ናት፣ ሰኞ።

ሰኞ ንፋሱ ከሰሜን ምዕራብ መጣ፣ ልክ እንደሚፈለገው። ኩርት ሽማግሌውን ጥዱ ላይ አወጣ፣ አሰረ፣ ቀስቱን አቀበለ። «ሁለት ጊዜ ያፏጩ» አላቸው። ከዚያ ዞሮ ኦኳ ላይ ወጣ፣ አስራ ስድስት ጫማ ላይ፣ ለአስራ ሁለት ምሽት አማቱ የተቀመጡበት ላይ ተቀመጠ። ቀዝቃዛ ነው። ከወንበሩ ሥር የጥድ ቅርንጫፍ ተሰክቷል፤ ጠረናቸውን ይደብቅልኛል ብለው ያደረጉት ነው። ኪሱ ውስጥ የቀረችውን ጥጥ አውጥቶ ለቀቃት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አየሩ ማጅራቱን ነክቶት ቁልቁል ወረደ፣ ጥጧም ወረደች። ብዙም አልቆየ፤ ጥሻው ውስጥ ግራጫ ጀርባ ተነሳ፣ ሁለት፣ አራት። ነጭ ጭራቸውን አንስተው ወደ ጅረቱ፣ ወደ ሽማግሌው ሄዱ።

ኩርት ከልጅነቱ ወዲህ ጸልዮ አያውቅም። ያን ምሽት ጸለየ። እንስት ትሁን፣ ከሲታም ትሁን፣ ብቻ አንዲት ትቁምላቸው አለ። ጆሮውን አቁሞ ፉጨቱን ጠበቀ። ብርሃኑ ቀነሰ። ዛፎቹ አንድ ላይ ተደባለቁ። ፉጨት የለም።

ወርዶ ሮጠ። ዴልበርት እንደታሰሩ ተቀምጠዋል፣ ቀስቱ ጭናቸው ላይ ነው።

«አልመጡም?» አለ ኩርት ከታች።

«መጥተዋል። አንዲት የወፈረች እንስት አስራ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመች። ጎኗን ሰጥታኝ ሣር ጋጠች።»

«ታዲያ?»

«ክንዴ እምቢ አለ።»

ኩርት መሰላሉን ጨበጠ።

«ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ግማሽ ይመጣና ይንቀጠቀጣል። እሷ እኮ አላየችኝም፤ ቦታው ግሩም ነው፣ ከፍታውም ልክ ነው። ትንሽ ጠብቃኝ ሄደች።»

በኦክቶበር መጀመሪያ ግቢያቸው ውስጥ አስር ፍላጻ በተከታታይ ሲሰዱ ኩርት ቆሞ ቆጥሯል። አስሩንም የሣር ክምሩ ላይ ሰክተው «ተመልከት እንግዲህ!» ብለውት ነበር።

«በእኔ ነው» አለ።

«እርጅናም አለበት፣ ሁሉንማ አልጭንብህም።» ዴልበርት ቀበቶአቸውን ይዳብሱ ጀመር። «በመጀመሪያው ሳምንት አጋዘኗ ብትመጣልኝ ኖሮ ግን እጥላት ነበር። ይሄን አልዋሽህም።»

ኩርት ወጥቶ ቀበቶውን ፈታ፣ ሽማግሌውን ትከሻው ላይ ደግፎ እርምጃ በእርምጃ አወረዳቸው። ፊታቸው አንገቱ ሥር ነበር። የሳሙናና የጥድ ሽታ ነበራቸው፣ ሌላ ምንም።

ወደ ፒካፑ ሲሄዱ ቀስቱን የያዘው ኩርት ነው። ዴልበርት ከፊት በከዘራቸው ይሄዳሉ፣ ነገ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ገና ሳይነጋ እንደሚነሱ፣ ጆሊን እንደምትነዳ ያወራሉ። ኩርት ከኋላ ሆኖ የቀስቱን ክር በጣቱ ያዘና ሳበው። እስከ ጆሮው ድረስ መጣለት፤ የልጆች መጫወቻ ያህል እንኳ አልከበደውም። እንደሳበው ቆሞ ቀረ።

ሽማግሌው የእግሩን ድምፅ ሲያጡ ዞሩ።

«ባዶ ቀስት አይለቀቅም፣ ይሰበራል» አሉት። «ቀስ ብለህ መልሰው።»

ኩርት ቀስ ብሎ መለሰው።